«ቆይ» ባዩ ፕሮቲን

ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር 9

ለውድ ባለቤቴ (አሁንም እንዲህ ብዬ እንድጠራሽ ከፈቀድሽልኝ)፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። «ያንን የእርሾ ዘሬን ላክልኝ፤ ያለ እሱ ጥናቴ አያልቅም» ካልሽኝ ወዲህ ላቦራቶሪው ውስጥ እንደ አራስ ጠያቂ ስመላለስ ነው የምውለው።

አንድ ጉድ ልንገርሽ። ሰሞኑን ብርዱ ጠንቶ እርሾሽ አሳዘነኝና ሳህኖቹን ወደ ሞቃቱ ካቢኔ አዛወርኳቸው። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው እነዚያ እንደ ዱላ ረዘም የሚሉት ህዋሳት ድንክ ሆነዋል። ክው አልኩ! ልፋትሽን ሁሉ ገደል የከተትኩት መሰለኝ። ለተማሪ ስንት ዘመን ያስተማርኩት ነገር ትዝ ያለኝ ቁጭ ብዬ ውኃ ከጠጣሁ በኋላ ነው።

ሁለቱ ካይኔዞች፣ እነዚያ ትእዛዝ ሰጪ ፕሮቲኖች፣ ናቸው ለካ! አንዱ ህዋሱን «ተከፈል!» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ቆይ፣ ገና አላደገም» እያለ በዚያኛው ላይ ፎስፌት ይለጥፍና ያስቆመዋል። ያንቺ ዘር ሲሞቀው ጉልበቱ የሚከዳው ይሄ «ቆይ» ባዩ ነው፤ ህዋሱም ሳያድግ ይከፈላል። ወደ ቀዝቃዛው ስመልሳቸው ቁመታቸውም ተመለሰ። እፎይ አልኩ።

ከዚያ ብቻዬን ሳቅሁ። «አቶ ቆይ» ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ በዚህ ፕሮቲን አይደል? ቤት እንቀይር ስትዪ ቆይ፣ ልጅ እንውለድ ስትዪ ቆይ፣ ባሕር ማዶ ሥራ አግኝተሽ አብረን እንሂድ ስትዪም ቆይ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያልኩ ስተርት አንቺ ሻንጣሽን ዘጋሽ። አልፈርድብሽም። በጣም ነው የናፈቅሽኝ።

ዘሩን በፖስታ ልልክልሽ አሽጌው ነበር፤ ሳጥኑን ከፖስታ ቤቱ በር መልሼ አመጣሁት። መንገድ ላይ ቢሞቀውስ ብዬ ነው። ሰበብ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ታውቂኝ የለ! እውነቱን ልንገርሽ፤ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «ጉንፋንህ ለቀቀህ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እሷን ካነበብኩ ወዲህ እኔንም ሞቆኛል። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፣ ትኬትም ቆረጥኩ፤ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ጤናና ሰላም አይለይሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። አሁን «ቆይ» የማለቱ ተራ ያንቺ ነው። ካላልሽኝ ግን መጪው ወር ሲገባ በርሽን አንኳኳለሁ።

ያንቺው፣
የቀድሞው አቶ ቆይ