ለአንድ ሰው ነው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሱቁ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። አንድ ሽማግሌ መነጽራቸው ላይ ተቀምጠውበት መጡ። «እኔ አይደለሁም፣ ወንበሩ ነው» አሉኝ። የመነጽሩን ክንድ አቃንቼ፣ ብሎኑን ቀይሬ ሰጠኋቸው። የአፍንጫ ማረፊያው ጎማ እያለቀብኝ ነው... ማዘዝ አለብኝ።

ወደ ቤት ስመለስ የእትዬን መድኃኒት ልወስድ ሁልጊዜ ከምንገዛበት ፋርማሲ ጎራ አልኩ። «አልቋል።» መቼ ይመጣል? ሻጩ ትከሻውን ሰበቀ።

ለእትዬ «በዚህ ሳምንት ይመጣል አሉ» አልኳት። ለምን ዋሸሁ? ታላቄ ናት። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸቴን ገና ከበሩ ላይ ነው የምታውቀው። «ማን አለ?» አለችኝ። ሌላ ወሬ አነሳሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ፋርማሲ ስዞር አመሸሁ። ሁሉም ጋ ያው መስታወት፣ ያው ጠባብ መስኮት። አንዷ ማዘዣውን ሳታነበው መለሰችልኝ። ሌላው ኮምፒዩተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ኮምፒዩተሩን አየ። «የለም።» አንዱ ደግሞ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለአንድ ሰው ነው» አልኩት።

እንዲህ የምለው እትዬ ስላዘዘችኝ ነው። በሽታዋ የጡንቻ ነው። ነርቩ ያዛል፣ ጡንቻው አይሰማም። መድኃኒቱን ካልወሰደች መጀመሪያ የዓይኗ ቆብ ይወድቃል፣ ከዚያ ምላሷ ይተሳሰራል። ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል ስልከኛ ሆና የኖረች፣ በድምጿ የምትታወቅ ሴት... አንድ ቀን ጎረቤታችን ለሌላ ሰው «ጠጥታ እኮ ነው» ስትል ሰማች። ከዚያ ወዲህ ከቤት አትወጣም። «ለሰው እንዳትናገር» አለችኝ። አልተናገርኩም።

ሐኪሙ ያስጠነቀቀን ግን ስለ ዓይንና ስለ ምላስ አይደለም። ስለ መዋጥና ስለ መተንፈስ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ዛሬም የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ገበያው ጥግ ያለው ትልቁ ፋርማሲ። ሰልፍ። ከፊቴ አንድ ግዙፍ ሰውዬ የመኪና ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል። ተራው ሲደርስ የመድኃኒቱን ስም ጠራ። የእኛን! «የለም» ተባለ። ዞሮ ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጨን... ምንም አላልኩትም። ምን ፈራሁ? ቀድሞኝ እንዳያገኘው?

ማታ ለእትዬ ነገርኳት።

«ስሙን አልጠየቅከውም?»

«አልጠየቅኩም።»

«ስልኩንስ?»

«አንቺ አይደለሽ ለሰው አትናገር ያልሽኝ?»

«ስለ እኔ አትናገር አልኩ እንጂ ዲዳ ሁን አልኩህ?»

ሳቅን። ሳቋ በአፍንጫዋ ነው የወጣው። ጥሩ ምልክት አይደለም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

የመድኃኒቷን ብልቃጥ ሳነሳው ከጠበቅኩት በላይ ከበደኝ። ለካ የቀኑን ክኒን እየዘለለችው ነው፣ እንዲቆይላት።

«ምነው እትዬ?»

«ቀን ማንን አያለሁ ብለህ ነው?»

ዳቦ ስታኝክ አገጯን በእጇ ደግፋ ነበር። ግራ ዓይኗ ተከድኗል። ቀኙ ግማሽ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

መነጽሯን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ከፍሬሙ ጀርባ ቀጭን ሽቦ በየድኩበት፤ የዓይኗን ቆብ ከፍ አድርጎ እንዲይዝ አጎበጥኩት፣ ጫፉን አለሰለስኩት። አሮጌ ዘዴ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው አንዴ ሲሠራው አይቻለሁ። ሦስቴ አበላሽቼ በአራተኛው ተሳካ።

ማታ አጠለቀችውና መስታወት ፊት ቆመች።

«ድንኳን ተከልክብኝ እኮ።»

«ያምማል?»

«አያምም። ዝናብ ከመጣ ግን ሰፈሩ ሁሉ እኔ ሥር ነው የሚጠለለው።»

ዓይኗ እንዳይደርቅ ጠብታ እየጨመርንላት ጋዜጣውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ገጽ በገጽ ድምጿ እየደከመ ሄደ። መጨረሻ ላይ ቃላቱን ከጋዜጣው ሳይሆን ከለመድኩት አነጋገሯ ነበር የምለያቸው። እንቢ ብላ ጨረሰችው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ጠዋት ውሃ ትን አላት። ብዙ ሳለች። ጀርባዋን እየደገፍኩ ቆየሁ። ሐኪሙ ጋ ስደውል «ከተደገመ ሳትጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል አምጣት» አለኝ።

ሱቁን ሳልከፍት ወጣሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንድ ትንሽ ፋርማሲ አለ፤ እስከ ዛሬ ገብቼበት አላውቅም። ፋርማሲስቷ ከነጩ ጋውኗ ላይ ሹራብ ደርባለች።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ ሰው ነው።»

ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔን እኮ ያስቸገረኝ ይሄ አንድ ሰው ነው!»

«እንዴት?»

«መድኃኒቱ አስመጪው ጋ አለ። የሚሰጡት ግን በካርቶን ነው። ለአንድ ታማሚ ብዬ ካርቶን ባመጣ ግማሹ ጊዜው ያልፍበታል። ሰው መጥቶ ይጠይቃል። ስልክዎን ይተዉልኝ ስለው ‹ለአንድ ሰው ነው› ብሎኝ ውልቅ! በማግስቱ ሌላ ይመጣል። ከአንድ ቤት ይሁኑ ከተለያየ ቤት በምን አውቃለሁ? ሁለት ሦስት ሰው በየወሩ ከአንቺ እንወስዳለን ቢለኝ ነገውኑ አዛለሁ።»

«እህቴ ናት» አልኳት። ለባዕድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስልኬን ሰጠኋት።

ቤት ገብቼ ለእትዬ ሁሉንም ነገርኳት። ቆጣ ትላለች ብዬ ነበር።

«ያ ሰውዬ ቁልፍ ያሽከረክር ነበር አላልክም?»

«አዎ።»

«ሾፌር ነው። ተራ ሲጠብቅ የለመደው ነው። ነገ ታክሲ መቆሚያው ጋ ውሰደኝ።»

«ብቻዬን ብሄድስ?»

«ባለፈውም ብቻህን ነበርክ።»

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሄድን። ክንዴን ይዛ፣ መነጽሯን ከነሽቦው አድርጋ። ከቤት ስንወጣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባው ነበር። ጎረቤታችን ደጇ ላይ ቆማ ታየናለች። እትዬ ሻሿን መልሳ ገፋችና «እንደምን አደርሽ» አለቻት፣ እንደዚያው በተሳሰረ ምላሷ። ሳንቆም አለፍናት።

መቆሚያው ላይ ሾፌሮች መኪናቸውን ተደግፈው ያወራሉ። ሰውዬውን ሳልለየው እሱ ለየን። እኔን አይደለም፣ እኔን ረስቶኛል። ቁልፉን ማሽከርከር አቆመና እትዬን ትኩር ብሎ አያት። የተደገፈውን የዓይኗን ቆብ። አገጯ ሥር ያለውን እጇን።

«እናቴ» አላት፣ «የእኔም ልጅ እንዲህ ናት።»

የመድኃኒቱን ስም ማናችንም አልጠራንም። ፋርማሲስቷ ስለ ካርቶኑ ያለችኝን ብቻ ነገርኩት።

ከደረት ኪሱ አንድ እሽግ ክኒን አወጣ። የልጁ ነው፣ ያው መጠን። እትዬ እጇን ሰበሰበች።

«የልጅ መድኃኒት አልወስድም።»

«ለእሷ ቤት ትንሽ አለ። ካርቶኑ ሲመጣ ይመልሱልኛል።»

«ባልመልስስ?»

«ቤትዎን አውቀዋለሁ። አሁን ላደርስዎት አይደል?»

መኪናው ውስጥ ሲያወራ ነበር። ሆስፒታል ሲመላለሱ የተዋወቋት አንዲት አስተማሪ አለች፤ እሷም እየፈለገች ነው። ሦስት ሆንን። ከመኪናው ሳልወርድ ለባለሹራቧ ደወልኩላት። ሐኪሙም ከእሽጉ ላይ መጠኑን በስልክ ሳነብለት «ትውሰድ» ብሏል።

እሑድ፣ የካቲት 16

ውሃ ያለ ሳል ጠጣች። ቆሜ ሳያት «ትያትር መሰለህ?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ባለሹራቧ ደወለች። «ጋሼ፣ ካርቶኑ ገብቷል፤ ያ አንድ ሰው ይምጣልኝ።»

ሾፌሩ ልጁን ይዞ ወደ ሱቅ መጣ። እሷም ሽቦውን ትፈልጋለች፣ ለክፉ ቀን። ቀይ ፍሬም መረጠች። አባቷ «ጥቁሩ ይሻላል» ሲል «አንተ ነህ የምታጠልቀው?» አለችው። እትዬ ብትሰማት ትወዳት ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

የወሩን መድኃኒት እትዬ ራሷ ልትወስድ ወጣች። እኔ የተከተልኳት ቦርሳ ልይዝ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። ባለሽቦው መነጽር ማኅደሩ ውስጥ ነው፤ ሽቦውን ላንሳልሽ ስላት «ተወው፣ ይኑር» ብላኛለች። ዓይኗ የሚከደንባት ቀን አሁንም አለ።

ፋርማሲው ውስጥ ያሉት ሁለት ወንበሮች ብቻ ናቸው። አንዱ ላይ ተቀምጣ ከባለሹራቧ ጋር ስትጨዋወት አንዲት ነጠላዋን የተከናነበች ሴት ገባች። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ እኛ እንዳንሰማ በሹክሹክታ፣ የመድኃኒቱን ስም ጠራች።

«ለማን ነው?» አለች ባለሹራቧ።

«ለአንድ ሰው ነው።»

ባለሹራቧ ቀና ብላ እትዬን አየቻት። እትዬ አጠገቧ ያለውን ባዶ ወንበር መታ መታ አደረገች። ያ ጥርት ያለ የስልክ ድምጿ ክፍሉን ሞላው።

«አንድ ሰውማ እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ። ነይ ተቀመጪ። ያንቺውስ ማነው?»

ሴትየዋ መጀመሪያ በሩን አየች። ከዚያ መጥታ ተቀመጠች።

«ባሌ ነው» አለች።