ወለሉ ደህና ነው

የካቲት 3፣ ሰኞ

ጉልበቴ ዛሬም አመመኝ። ሬዲዮ ሰማሁ፣ ጢሜን ተላጨሁ፣ ግቢ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄና ባሏ ሚኒባሷን ይዞሯታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዳኋትን የገዛ መኪናዬን... ከቆመች አራት ዓመቷ ነው፣ ጎማዋም ተኝቷል። ቢሆንም የእኔ ናት።

የዶሮ ቤት ሊያደርጓት ነው። ልጄ የዳቦ ቤቱን ሥራ ልትለቅና አርባ ቄብ ልታረባ። ባሏን መሥሪያ ቤቱ ከቀነሰው ወዲህ ቤቱ የሚተነፍሰው በእሷ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንዳትጥል አልኳት። ሳቀች። "አባዬ፣ እሺ በለኝ በቃ" አለች። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

የካቲት 5፣ ረቡዕ

አማቼ መለካት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ለካ። ቁመት፣ ወርድ፣ መስኮት፣ እንደገና ቁመት። መዝገብ ቤት ፋይል ሲደረድር የኖረ ሰው ሜትር ሲይዝ መሐንዲስ የሆነ ይመስለዋል። ባለሜትሩ ብዬ ስም አወጣሁለት... ለራሴ ብቻ። መፍቻ እንኳን እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም። አንድ ብሎን ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀ። እኔ በዚያ ሰዓት ሞተር አውርጄ እሰቅል ነበር።

ልጄ ምኑን አይታ ነው ያገባችው? ስንት ዓመት ጠየቅኩ፣ መልሱ አልመጣልኝም።

የካቲት 9፣ እሑድ

መቀመጫዎቹን አወለቀ። የኋለኛው ላይ ሲደርስ ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

ከሥሩ ያለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዝገት የበላው ቀዳዳ ነው፣ ክንድ ያስገባል። በየዓመቱ ለምርመራ ስትቀርብ ቆርቆሮ አደርግበት፣ ሬንጅ እቀባው፣ ምንጣፍ እጥልበት ነበር። አንድም መርማሪ አላገኘውም። አንድም ተሳፋሪ አላወቀም። "መኪናዬ እንከን የላትም" እያልኩ በሰው ፊት ደረቴን ስነፋ ኖሬ፣ አሁን ለዚህ ሰው ገልጬ ላሳየው?

"አባባ፣ ወለሉ ደህና ነው? ይሄንንም አንሥቼ ልየው?" አለኝ።

"ወለሉ ደህና ነው። እሱን ተወው፣ የእንቁላል ሳጥን ትደረድርበታለህ።"

አመነኝ። ጥሩ ሐሳብ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ሞኝ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ቄቦቹ ገቡ። ቆጥ ሠርቶላቸዋል፣ እሱም ጠማማ። መስኮቶቹ ላይ ሽቦ ወጠረ፣ በሩ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ አደረገ። ሲመሽ ሁለቱንም ይዘጋል፣ ሁለቱንም ይነቀንቃል። ሦስት እርምጃ ሄዶ ይመለስና እንደገና ይነቀንቃል። ባንክ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ከመስኮቴ እያየሁት ሳቄን አፍናለሁ።

ልጄ ግን ደስ ብሏታል። ስታንጎራጉር ከሰማኋት ስንት ጊዜ ሆነ... እሷን ሳይ ስለ ወለሉ ልናገር አልኩ። ደግሞ ተውኩት። ሰው የቻለ ቆርቆሮ ዶሮ ያቅተዋል? ሆድ ይፍጀው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሸለምጥማጥ ገባ። አሥራ አንድ ቄብ አለቀ።

ማልዶ ያየው ባለሜትሩ ነው። መጥቶ ቀሰቀሰን። ልጄ ደሙን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በቀሚሷ አፏን ያዘች።

"በሩን ዘግተኸው ነበር?" አለችው።

እሱ እኔን አየ፣ ከዚያ እሷን። "ሳልዘጋው ነው መሰለኝ የተኛሁት" አለ።

ዘግቶታል! በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሁለቱንም። የገዛ እጁን ሥራ የማያምን ወንድ... የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እሷ ሥራዬን የለቀቅኩት አንተን አምኜ ነው አለችው። ሌላም ብዙ አለችው።

ከየት እንደገባ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት።

የካቲት 24፣ ሰኞ

አታናግረውም። ሳህኑን ይዞ የመኪናዋ መወጣጫ ላይ ለብቻው ይበላል። ይበለው፣ የጥፋቱን ነው። የምን ጥፋቱን? ከእኔ በቀር ይሄን ደብተር ማን ያነበዋል? ለራሴም እዋሻለሁ።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ሁለቱም ወጥተው ነበር። ቀዳዳውን ማንም ሳያየኝ ልደፍነው ቆርቆሮና ሬንጅ ይዤ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። በዚህ ጉልበት...

ቀዳዳው የለም። አዲስ ላሜራ ተመቶበታል። ስምንት ብሎን፣ አንዱ ከአንዱ እኩል ርቀት ላይ። ጠርዙ ዙሪያውን ተደፍኗል፣ ውሃ አያስገባም። ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ንጹሕ ሥራ ብዙ አላየሁም። ይሄን መጻፍ ያንቀኛል።

"አባባ፣ ልብስዎ ቆሸሸ እኮ።" ባለሜትሩ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ያየኛል።

መቼ አገኘኸው አልኩት። ቄቦቹ ያለቁ ዕለት ጠዋት፣ እናንተን ሳልቀሰቅስ በፊት አለኝ።

"ታዲያ በሩን አልዘጋሁም ያልከው ለምንድን ነው?"

"እርስዎ አጠገቧ ቆመው ነበራ።"

እጁን ዘረጋልኝ። ይዤው ወጣሁ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ማን ለመነው? ማን ሸፍነኝ አለው? ሁለት ቀን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። ሚስቱ ፊት ተዋርዶ ዝም... እኔ በሱ ቦታ ብሆን ፀሐይ ሳትወጣ እናገር ነበር።

አዎ፣ እናገር ነበር። ስንቀው የኖርኩት እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ነው።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ምሳ ላይ ነገርኳት። እሱ ውጭ ነበር። ስለ ቀዳዳው፣ "ደህና ነው" ስለማለቴ፣ በሩም ተዘግቶ እንደነበር... ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ጉርሻዋን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ የት ነበር የምታስቀምጠኝ?"

"ከኋላ።"

"ያኔም ነበር?"

"ያኔ ትንሽ ነበር" አልኩ። እንዲህ ብዬ መለስኩ፣ ለልጄ።

ሳህኗን አንሥታ ወጣች። በመስኮት አየኋት። መወጣጫው ላይ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ እሷ አንድ ነገር አለችው፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣለች። አለቀሰች መሰለኝ።

አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ምሳዬ ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ።

የጠራኝ እሱ ነው። "አባባ፣ እዚህ ፀሐይ አለ፣ ምግብዎን ይዘው ይምጡ" አለ። ልጄ ዞራ አላየችኝም።

ሳህኔን ይዤ ወጣሁ። መወጣጫው ለሁለት ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።