ነፍስ ግድያ፦ አንድ
የአቶ ነገሪ ወዬሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ነገሪ ወዬሳ ከአባታቸው ከአቶ ወዬሳ መርዳሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቡዜ በ1895 ዓ.ም. ወለንጪቲ አጠገብ ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ቆጥረው በ1914 ዓ.ም. አዳማ ባቡር ጣቢያ በዕቃ መዝጋቢነት ተቀጠሩ። በ1917 ዓ.ም. ከወይዘሮ ተሻለች ጋር ጋብቻ ፈጽመው አራት ልጆች አፈሩ። በ1920 ዓ.ም. የከተማው ጸጥታ ሹም ጸሐፊ ሆኑ።

ያኔ ወንጀልን ሁሉም ከተማ እንደመሰለው ነበር የሚጽፈው፤ የማይጽፍም ነበር። በመስከረም 1922 ዓ.ም. ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት የታተመ ቅጽ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ነፍስ ግድያ፣ ድብደባ፣ ስርቆት፣ ቃጠሎ በየወሩ በቁጥር ተሞልቶ እንዲላክ።

በኅዳር የቆዳ ነጋዴው አብዱናሲር ከገበያ ሲመለስ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ የሹሙ የእህት ልጅ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቃል። ሹሙ አቶ ነገሪን አስጠርተው፣ "ሰውየው ከባቡር ወድቆ ነው የሞተው። ነፍስ ግድያ የለም ብለህ ሙላ። ልጆች አሉህ አይደል?" አሏቸው።

አቶ ነገሪ ደፋር አልነበሩም፤ ይህንን ራሳቸውም አልደበቁም። ሁለት ቅጽ በቀለም አበላሹ። በሦስተኛው ላይ "ነፍስ ግድያ፦ አንድ" ብለው ጽፈው፣ አሽገው ለባቡሩ ፖስታ ሰጡ። ከዚያ ወዲያ በር በተንኳኳ ቁጥር ወይዘሮ ተሻለች ልጆቹን ወደ ጓዳ ያስገቡ ነበር።

በጥር ከአዲስ አበባ መርማሪ መጡ። ሹሙ በተቀመጡበት አቶ ነገሪን፣ "ጎረቤት ከተሞች በሙሉ ነፍስ ግድያ የለም ብለዋል። ሰው የሚገደለው አዳማ ብቻ ነው?" ብለው ጠየቁ።

አቶ ነገሪ፣ "ጌታዬ፣ የሚገደለውስ በየቦታው ነው። የጻፍኩት እኔ ብቻ ሆኜ ነው" አሉ።

መርማሪው ያዩትን ሰዎች ጠይቀው እውነቱን አረጋገጡ፤ ገዳዩ ታስሮ ለፍርድ ተላከ፤ ሹሙም ከሹመታቸው ተነሡ። በየካቲት ከጎረቤት ከተሞችም የነፍስ ግድያ ቁጥር መምጣት ጀመረ። አቶ ነገሪ ግን የገዳዩን ዘመዶች ፈርተው ለዓመታት ብቻቸውን መንገድ አልወጡም። የሟች ባለቤት ወይዘሮ በድሪያ የረመዳን ጾም በተፈታ ቁጥር ተምር ይልኩላቸው ነበር።

አቶ ነገሪ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውንና አሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል።

እየፈሩ እውነቱን የጻፉትን አባት ነፍስ እግዚአብሔር ፍርሃት በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን።