የዘንዘልማው ሰርቨር እምቢታ

ኅዳር 1፣ ሰኞ

የዲኤንኤሱን ሶፍትዌር ዛሬም አላደስሁም። ሥራው ሰው የኮሌጁን ስም ሲጽፍ ስሙን ወደ ቁጥር አድራሻ መመለስ ነው። በጣም አርጅቷል፤ የሠሩት ሰዎች እንኳ ሳይረሱት አይቀሩም። ታዲያ ለምን አልነካሁትም? ስለሚሠራ። ዩኒክስ የሚባለው ሥርዓት የተጫነበትና የሚሠራ ማሽን መንካት ያስፈራኛል... ሦስት ጊዜ ተነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ ተቀመጥሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አደስሁ! አዲስ ማሽን፣ አዲስ ሶፍትዌር። የስሞቹን ፋይል እንደገና በእጄ ጻፍሁ። የተማሪዎች ምዝገባ ገጽም ወደ አዲሱ ማሽን ዞረ፤ አድራሻው ተለወጠ። አሮጌውን አጠፋሁት።

ዘንዘልማ ግቢ ሁለተኛ ሰርቨር አለ፤ ፋይሉን ከእኔ እየቀዳ ይይዛል። እዚያ ሰርቨሩን የሚንከባከበው አንዳርጋቸው ነው። ደወልሁለት።

"ምንም እንዳትነካ። ራሱ ይቀዳል።"

"እሺ ጌታዬ" አለ። ሲያሾፍ ነው።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

እዚህ ምዝገባው ይከፈታል። ዘንዘልማ አይከፈትም። የዚያ ሰርቨር አሁንም ያጠፋሁትን ማሽን አድራሻ ነው የሚናገረው። ለአንዳርጋቸው ደወልሁ።

"ምን ነካህበት?"

"ምንም።"

"ምንም ሳይነካ ይበላሻል?"

"አንተ አይደለህ አትንካ ያልኸኝ?"

እውነቱን ነው። ለዚህ ነው የተናደድሁት።

ከሰዓት ኃላፊያችን ወይዘሮ ሰገነት ጠሩኝ። ጥፋቱ ከማን በኩል ነው? "ከዘንዘልማ" አልሁ። ምነው እንዲህ ፈጠንሁ? የአንዳርጋቸው ኮንትራት ነገ ይታደሳል ወይ ይቀራል። አውቅ ነበር። ሁለት ልጆች አሉት።

ሐይቁ ዳር ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሞ ሄድሁ። ሰዎች ጉማሬ ይወጣል ብለው ቆመዋል። ጉማሬው ቀጠሮ የሰጣቸው አይመስልም።

ኅዳር 5፣ አርብ

በጠዋት በባጃጅ ዘንዘልማ። አንዳርጋቸው ቆሎ ይቆረጥማል።

"መጣህ ዳኛው?"

ስክሪኑን አዞረልኝ። ሰርቨሩ "ያንተ ፋይል ከእኔ ያረጀ ነው፣ አልቀዳም" ይላል።

"ትናንት ወዲያ የጻፍሁት እንዴት ያረጃል?"

"ራስጌው ላይ ያለውን ቁጥር አንብበው።"

ልማዳችን ነው፤ ፋይል በለወጥን ቁጥር ራስጌው ላይ የዕለቱን ቀን እንደ ቁጥር እንጽፋለን። ሁለተኛው ሰርቨር የሚቀዳው ቁጥሩ ካደገ ብቻ ነው። ሁልጊዜ በፈረንጅ ቀን ነበር፤ 2025። እኔ ረቡዕ ምን ጻፍሁ? 2018፣ ኅዳር ሦስት። ማሽኑ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የሄድሁ መሰለው። አልተከተለኝም። በዚህስ አልፈርድበትም።

አንዳርጋቸው አልሳቀም። እኔ ብሆን እስቅ ነበር።

"ወይዘሮ ሰገነት ደውለውልኝ ነበር። ከዘንዘልማ ነው አልሃቸው?"

"አልሁ።"

"እሺ።"

ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

እዚያው ሆኜ ቁጥሩን አረምሁ፤ ገጹ ተከፈተ። አሁን "ተስተካክሏል" ብሎ ማለፍ ይቻላል... ማን ያውቃል? እሱ ያውቃል። ባጃጅ ይዤ በቀጥታ ወደ ኃላፊዋ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ጻፍሁ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ታዲያ በማን ልትጽፍ ኖሯል?"

ማስረዳቱ ከማደሱ በላይ ፈጀ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ኮንትራቱ ታደሰለት። ደወልሁ፤ አላነሣም። ሄድሁ።

የዋናውን ሰርቨር የይለፍ ቃል ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

"ይኼ ይቅርታ ነው ወይስ ተጨማሪ ሥራ?"

"ሁለቱም።"

ወንበር ሳበልኝ። ሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ ፋይሌን ከላይ ጀምሮ ያነብ ጀመር። ሌላ ስሕተት ቢያገኝብኝስ?

አገኘ።