ጋሼ ይቅደሙ

ቅዳሜ

ትከሻዬ አልቋል። እህቴ ሐያት ልታገባው ያሰበችውን ልጅ፣ ኢምራንን፣ ሻይ እየጠጣን እናውራ ብዬ ብጠራው «ጋሼ ሰይድ፣ ፓርክ ሄደን ብንጫወትስ?» አለኝ። እምቢ ማለት አፈርኩ።

ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ይባላል። ሳህን የሚያክል ፕላስቲክ ወርውረህ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ መክተት ነው። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ቅርጫቶቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ለጀማሪ የተሠራ ነው አለኝ። ለእኔ ግን አልሆነም። አንዱን ዛፍ ሁለቴ መታሁት። ቁጥቋጦ ውስጥ የገባውን ስፈልግ ሱሪዬ ተቀደደ።

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። በየቅርጫቱ የመጀመሪያውን ወርውረን ዲስኮቻችን ወደ ወደቁበት ስንሄድ ልጁ ቆም ይልና «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። አንዴም አልረሳም። እዚህ ያደገ፣ አማርኛው የሚሰባበር፣ ደብሊን ቢሮ የሚሠራ ልጅ! ይህን ከየት አመጣው? ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

እሁድ

ሐያት ዕቃ እያጠበች «እሺ፣ እንዴት አገኘኸው?» አለች።

ክብር ያውቃል አልኳት። ቧንቧውን ዘጋችው። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አንተ እሺ ካላልክ ሽማግሌ አይላክም ያለችው ራሷ ናት፤ እኔ አላስገደድኳትም።

«ታዲያ ይላኩ ልበለው?»

በሳምንቱ እነግርሻለሁ አልኳት። ትንሽ ልኮራባት ፈልጌ ነው እንጂ ልቤ እሺ ብሏል።

ረቡዕ

ከምሠራበት ዌርሃውስ ስወጣ ወደ ቤት ሳልሄድ ፓርኩ ጋ ጎራ አልኩ። ብቻዬን ልለማመድ ብዬ ነው። ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። የመጀመሪያው መወርወሪያ አጠገብ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ቅዳሜ አላየሁትም ነበር። የጨዋታው ደንብ ነው። ከቅርጫቱ ርቆ የቀረ ሰው ቀድሞ ይወረውራል ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜ ኋላ የምቀረው እኔ ነኝ። ስለዚህ ሁልጊዜ ተራው የእኔ ነበር። እኔ ክብር ያልኩት ደንብ ኖሯል።

ልጁ አላታለለኝም፤ ራሴን ያታለልኩ እኔ ነኝ። ቢሆንም ተናደድኩ። ኢምራን ያዋሰኝን ዲስክ ከመኪናው ሳላወርድ ተመለስኩ።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ሐያት «ኢምራን ነገ ይጠብቅሃል፣ ቴክስት አደረገልኝ» አለች። ፊቴን አየችና «ምን ሆነሃል?» አለች። ትከሻዬን ነው አልኳት።

ምን ልበላት? ሰሌዳ አነበብኩና ሐሳቤን ቀየርኩ ልበል? ሥራ አለው። ይሰግዳል። በእሷ ላይ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ይህ ሁሉ ካለፈው ቅዳሜ በፊትም ነበር፤ ግን እሺ አላስባለኝም። እሺ ያስባለችኝ ያቺ አንዲት ነገር ነበረች፣ አሁን እሷም የለችም። ትንሽ ሰው እየሆንኩ እንደሆነ ይገባኛል።

ቅዳሜ

ሐያትም አብራን መጣች። ዘጠነኛው ቅርጫት አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስልኳን የምታይ መሰለች። የምታየው እኛን ነው።

እስከ ስምንተኛው ድረስ እንደ ባለፈው ነበር። እኔ ኋላ እቀራለሁ፣ እሱ «ጋሼ ይቅደሙ» ይላል፣ እኔ በሆዴ «ደንብህ ነው» እላለሁ።

ዘጠነኛው ላይ የወረወርኩት ዛፍ መታና ነጥሮ ቅርጫቱ ሥር አረፈ። እንዲህ ቀንቶኝ አያውቅም። የኢምራን ከኋላ ቀረ፣ በጣም ከኋላ። ተራው የእሱ ነው። እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩት።

ዲስኩ ጋ ደረሰና አላነሳውም። «ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ።

«የራቀው አይደል እንዴ የሚቀድመው?» አልኩት።

«የስ፣ ሩሉ እንደሱ ነው።» አንገቱን ደፋ አደረገ። «ግን ይሄ ላስት ነው። እርስዎ ፊኒሽ ያድርጉ፣ እኔ ከኋላ እመጣለሁ።»

ሊያባብለኝም ይሆናል። ይሁን። ማንን ማባበል እንዳለበት አውቋል።

ወረወርኩ። ከዚያ ቅርበት ሳትኩት፤ ሰንሰለቱን እንኳ አልነካሁም። ሐያት ከት ብላ ሳቀች። ኢምራን አልሳቀም፤ ዛፉን ያይ ነበር።

ወደ መኪናው ስንሄድ ሐያትን ወደ ኋላ አስቀረሁና «ሽማግሌ ይላክ በይው» አልኳት። ትከሻዬ ላይ ተጠመጠመች፣ የሚያመኝ ላይ።