ለልጄ ጀርሞች ያልደረሰው ጸሎት

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ዛሬ የሚካኤል ንግሥ ነበር። ወልድያ የምትማረው ልጄ አስካለ ትናንት ከመርሳ ልትሳፈር ስትል፣ «አባዬ፣ ነገ ታቦቱ ሲወጣ ለጀርሞቼ ይለምኑልኝ» አለችኝ።

«በስተርጅናዬ የጀርም ጠበቃ ልታደርጊኝ?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለመመረቂያ ጥናቷ የጀርሞቹን ተፈጥሮ ለውጣ፣ በዶሮ መኖ ውስጥ የሚገባውን ላይሲን የሚባል ገንቢ ንጥረ ነገር ለራሳቸው ከሚበቃቸው አትርፈው እንዲሠሩ አድርጋቸዋለች። ጉልበታቸው በዚያ ስለሚያልቅ ቶሎ ይሞታሉ። ሁለቴ አልቀውባታል። አሁንም ካለቁ ምርቃቷ ይቀራል።

ታቦቱ ሲወጣ ተንበረከክሁ። ለልጄ ለመንሁ። ለጀርሞቹ ልል ስል ግን ሳልለምን ተነሣሁ። እናቷን የወሰደብኝ ደሟ ውስጥ የገባ ጀርም ነው። ያን ጊዜ አልጋዋ ሥር ወድቄ «አጥፋልኝ» ያልሁትን መልአክ፣ ዛሬ «አኑርልኝ» ልበለው?

ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«አባዬ፣ ለመኑልኝ?»

«ለምኛለሁ» አልኋት።

 «እንግዲያው ሚካኤልም አልፈቀደም። አሁን ቤተ ሙከራ ስገባ ሁሉም ሞተዋል» አለች።

ለጀርሞቹ አልለመንሁም ማለት አቃተኝ። ጥፋቱን በሚካኤል ላይ ጥዬ፣ «አይዞሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።