መልስ የምትጠብቀው ባቡር

ጀርሚስተን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ በመስከረም ማለቂያ

ለማላውቅሽ ታናሽ እህቴ፣ ሰዎች እንደሚሉት ደግሞ ለጣውንቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ? አባትሽና እናትሽ ደህና ናቸው? የወራቤ ዝናብ አባራ ወይስ አሁንም ጭቃ ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ራውዳ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት በቁመት እኔን አልፋኛለች። የራውዳ አባትም ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ይባል የለ? ጉልበቴ ግን ከድቶኛል፣ እንቅልፍም ከጠገብኩ ዓመታት ሆነኝ።

ይህ ደብዳቤ የራውዳ አባት ጻፊ ያለኝ አይደለም። አባትሽ “ታላቂቱ ሚስት በራሷ እጅ ጽፋ ካልጠራቻት ልጄን ከአገር አላስወጣም” ብለዋል አለኝ። የምጽፈውንም ነገረኝ። ቤቱ ሰፊ ነው በይ፣ ራውዳ ናፍቃሻለች በይ፣ እንደ እህት እቀበልሻለሁ በይ። ሦስት ቀን ሙሉ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አንድ መስመር አልወጣኝም።

በስልኩ የላክሽውን ድምፅም ሰምቻለሁ። “እትዬ፣ አንቺ እሺ ካላልሽኝ እግሬን አላነሳም” ያልሽበትን። ደጋግሞ አሰማኝ፤ እኔ ዳቦ እየደረደርኩ እንዳልሰማ ሆንኩ። አልዋሽሽም፣ ቀናሁ። ድምፅሽ ውስጥ ድካም የሚባል ነገር የለም፤ ያናደደኝ እሱ ነው።

አሁን የባቡር ወሬ ልነግርሽ ነው። ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ብለሽ እንዳትስቂብኝ፣ ወደ ነገራችን ይመልሰናል።

ከሱቃችን ጀርባ የድሮ ባቡሮች የሚቀመጡበት ግቢ አለ፤ በከሰል የሚሄዱት፣ ጭስ የሚተፉት። ጡረታ የወጡ ሰዎች ተሰብስበው ይጠግኗቸዋል። በዓመት አንዴ፣ በመስከረም፣ ድግስ ይደግሱላቸዋል። ከሌላ ከተማም ባቡር በእንግድነት ይመጣል። የግቢውን የራሱን ባቡር፣ እኔ የቤቷ የምላትን፣ የሚነዳው ባባ ምቱንዚ ደንበኛችን ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዳቦና ወተት ሊገዛ ሲመጣ “ሳውቦና ማማ ራውዳ” ብሎ በቋንቋው ሰላም ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። በወጣትነቱ፣ ነጮች በሚገዙበት ዘመን፣ ጥቁር በመሆኑ ባቡር ሲያጥብና ከሰል ሲያካፋ ኖረ። የሹፌሩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ካረጀ በኋላ ነው። እሱ ነው ለድግሱ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ይዘሽ ውጪ ያለኝ። የራውዳ አባትም ገበያ ነው ብሎ ፈቀደ።

ቅዳሜ ለት ድንኳን ተክዬ እየጠበስኩ ሁለቱን ባቡሮች ሳያቸው ዋልኩ። እንግዳዋ ከኪምበርሊ በኩል በናፍጣ ባቡር ተጎትታ ነው የመጣችው። ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ፣ ነሐሷ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። የቤቷ ጥቁር ናት፤ ጥቀርሻው ይሁን ቀለሙ አይለይም። ሰው ሁሉ ካሜራውን ይዞ እንግዳዋን ከበበ። የቤቷ ፉርጎ ትገፋለች፣ ከሰል ታመጣለች። እንግዳዋን ከመጠለያዋ ስባ ያወጣቻትም እሷ ናት፤ የእንግዳዋ ቦይለር፣ ውሃ የሚፈላበት ጋኗ፣ ገና አልሞቀም ነበር። ፎቶ የሚያነሱት ደግሞ በእጃቸው ዞር በይልን ይሏታል። ራውዳ ብር እየመለሰች “ማማ፣ ይሄ እኮ ፌር አይደለም” አለችኝ። ሳምቡሳሽን ሽጪ አልኳት። ዘይት ዓይኔ ውስጥ የገባ አስመስዬ ፊቴን በሻሼ ጠረግሁ።

መቼ እንደደከመኝ ልንገርሽ። ካቻምና የረመዳን ፆም እንደተፈታ፣ የራውዳን አባት ቁጭ አድርጌ ደክሞኛል አልኩት። አሥራ አራት ዓመት ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜያለሁ፣ የወለሉ ሲሚንቶ ብርድ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል፣ እባክህ የሚያግዘኝ ሰው እንፈልግ አልኩት። አስብበታለሁ አለኝ። በሁለት ወሩ እናቴን ልጠይቅ ብሎ አገር ቤት ሄደ፤ ሲመለስ ፎቶግራፍሽን አሳየኝ። ሰው ቅጠር ማለቴ ነበር። እሱ አገባ።

ክፋት እንዳይመስልሽ። “ይኸው ላሳርፍሽ ነው” ብሎ ፈገግ አለ፤ ወላሂ ከልቡ ነው። የቀጠርናቸው ሁለት ልጆች ዕቃ ይዘውብን ስለጠፉ ከቤተሰብ በቀር ማንንም አያምንም። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ሶላቱን አያጓድልም፣ ለራውዳ ትምህርት አይሰስትም። መጥፎ ሰው ቢሆን እንዲህ ለመጻፍ ሦስት ቀን አይፈጅብኝም ነበር።

ቤቱ ሰፊ ነው ያለሽ እውነት ነው፤ ሰፊው ግን ሱቁ ነው። እኛ የምንተኛው ከዱቄት ጆንያዎቹ ጀርባ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ቆመሽ ትውያለሽ። ከደንበኛ የምታይው እጁን ነው፤ በፍርግርጉ ቀዳዳ ገንዘብ የሚሰጥሽን እጅ። የነርስነት ትምህርትሽን እዚህ ትጨርሻለሽ ብሎሻል አሉ። እኔም ስፌት ተምሬ ነበር የመጣሁት። ያኔም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። ሰርተፍኬቴ እስከ ዛሬ ከነፕላስቲኩ ሚዛኑ ሥር አለ፤ ሚዛኑ እንዳያዘነብል ደግፎልናል።

እሑድ ትልቁ ጉዞ ነበር። ሁለቱን ባቡሮች አንድ ላይ ቀጥለው፣ እንግዳዋን ከፊት፣ የቤቷን ከኋላዋ አድርገው፣ ሰው የሞላባቸውን ፉርጎዎች ዳገቱን ሊያወጧቸው ነው። ባባ ምቱንዚ ለእኔና ለራውዳ የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ ቦታ ሰጠን። ሁለት ባቡር አብሮ ሲጎትት ሕግ አለው። የፊተኛዋ ጡሩምባ ትነፋለች፣ ተነሺ ማለቷ ነው። የኋለኛዋ በጡሩምባ ካልመለሰች ማንም ንቅንቅ አይልም።

እንግዳዋ ነፋች። ሰው አጨበጨበ። የቤቷ ዝም አለች። እንግዳዋ ደግማ ነፋች። አሁንም ዝም። ሰው በመስኮት አንገቱን ያሰግግ ጀመር። የድግሱ ኃላፊ ቀይ ሸሚዙን ለብሶ በሐዲዱ ዳር እየሮጠ መጥቶ ባባ ምቱንዚን ጮኸበት። ባባ ምቱንዚ ክንዱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ የእንግዳዋን ጭስ ያያል። ለእሱ ልቤ ተሸበረ፤ አርጅቶ ተኛ ይሉታል፣ ወንበሩንም ይቀሙታል ብዬ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆየን። በኋላ የእንግዳዋ ጭስ ወፍሮ ቀጥ ብሎ ሲወጣና እንፋሎቷ ከላይ ሲያፏጭ፣ ያኔ የቤቷ በወፍራሙ ድምፅዋ መለሰች። ተነሳን። ዳገቱን ሁለቱም እኩል እያቃሰቱ ወጡት። ራውዳ ደስ ብሏት ትከሻዬን ነከሰችኝ።

ማታ ድንኳኔን ስነቅል ባባ ምቱንዚ የተረፈውን ሳምቡሳ ሊበላ መጣና ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። ልጅቱ፣ እንግዳዋን ባቡር ማለቱ ነው፣ ለፎቶ አንሺዎቹ ጡሩምባ ስትነፋ እንፋሎቷን ጨርሳ ነበር አለኝ። ወዲያው ብመልስላት ዳገቱ መሃል ትቆማለች፤ የእኔዋ ደግሞ እሷንም ፉርጎዎቹንም ብቻዋን ልትጎትት ስትል ጋኗ ይቃጠላል፣ ሁለቱም ይበላሻሉ አለኝ። ዱሮ አለቃ ሲጮህባቸው ፈርተው ቶሎ የሚመልሱ ነበሩ፤ እኔም ወንበሩን እንዳገኘሁ ሰሞን መልሼ አውቃለሁ አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ሳምቡሳዋን በወረቀት ጠቅልሎ ሄደ።

እኔም ያን ዕለት ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ጡሩምባሽን ሰምቻለሁ እህቴ። አንዴ በአባትሽ ቃል፣ አንዴ በራስሽ ድምፅ ነፋሽ፣ እኔ አልመለስኩም። የጠላሁሽ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል። መጀመሪያ ጠልቼሽ ነበር፣ አሁን ግን አይደለም። ከትምህርትሽ አንድ ዓመት እንደቀረሽ ራሱ የራውዳ አባት ነው የነገረኝ፤ ትንሽ ነገር አስመስሎ ነው ያወራው።

ደብዳቤውን ጎረቤታችን ባህሪያ ታደርስልሻለች፤ እናቷን ልትጠይቅ አገር ቤት መሄዷ ነው። በስልክ ያልላክሁት ስልኩ የእሱ ስለሆነ ነው። እኔ ስለ ራሴ የወሰንኩትን እዚህ አልጽፍልሽም፤ መጀመሪያ መስማት ያለበት እሱ ነው። ሰርተፍኬቴን ግን ከሚዛኑ ሥር አውጥቼዋለሁ፤ ሚዛኑን አሁን የሚደግፈው ካርቶን ነው።

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ለአባትሽ ስጪያቸው። የታላቂቱን ሚስት ቃል በእጅ ጽሕፈቷ ፈልገው አልነበር? ይኸው። ከሰላምታው ጀምረው እስከ ፊርማው ቀስ ብለው ያንብቡት። “ነይ” ብዬ የጠራሁሽ ቦታ ካገኙ ይላኩሽ።

አላህ የጀመርሽውን ያስጨርስሽ። እጅሽን ለታማሚ መድኃኒት ያድርገው፣ እግርሽን ከሲሚንቶ ብርድ ይጠብቀው። ለእናትሽ እጅ ነሺልኝ።

ሳታይሽ የምትሳሳልሽ
ታላቅ እህትሽ